የታሰረው ሞላ

ሰበታ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለያኔት ብዙነህ
ሻርጃ

ፍልሰታን በሰላም ያስፈታን አምላክ አንቺንም በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ጆሮዬን ያው ታውቂያለሽ፣ የክር ፋብሪካው ማሽን ነው የበላው። ሰው ሲያወራኝ ከንፈሩን አያለሁ፤ ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም። በዚህ ዘመን በወረቀት የማስቸግርሽ ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትሽ ማሪቱ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከሱሉልታ አዲስ አበባ ሆስፒታል ለመመላለስ ሚኒባስ ላይ መውጣት አቅቷታል። የአባትሽ መኪና እኔ ግቢ እንደቆመች ነው። «ሠርተው ያምጡልኝ፤ በሰው እጅ እንዳይሆን፣ እርስዎ ራስዎ ያምጧት» ብላ ልካብኛለች። ወንድሜ ከሞተ በኅዳር ሚካኤል ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እናትሽ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እምቢ የምልበት አፍ የለኝም።

ዲኤክሷ ሞተሯ ጤነኛ ነው። በየቅዳሜው አስነሳታለሁ፤ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳርፌ ነው የማዳምጣት። ሰላሃዲን የሚባል የቡራዩ መካኒክ ባትሪዋንና ፍሬኗን አድሶልኛል። የቀረው የፊት ሾክ ብቻ ነው፣ አባትሽ ያን ቀን የጀመረው ሥራ ማለት ነው። ፊቷ በግራ በኩል እስከ ዛሬ ድንጋይ ላይ ነው ያለው። ሁለት የፊት ሾክ ፈልገሽ ላኪልኝ፤ አገጣጠሙንም ከሀ እስከ ፐ ጻፊልኝ። እዚሁ ግቢዬ ውስጥ እኔው ራሴ እሠራዋለሁ። ሰላሃዲን ለዚህኛው ሥራ እንዲመጣ አልፈልግም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የሽማግሌ ግትርነት ነው በይው።

አጎትሽ ዓባይነህ


ሻርጃ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዓባይነህ

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ፤ ከቤትዎ በረከት አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ። የምሠራበት ጋራዥ የሴቶች መንጃ ትምህርት ቤት መኪኖችን ነው የሚጠግነው። ተማሪዎቹ ከመንገድ ጠርዝ ጋር ያላተሙትን ሾክ በቀን ሁለትና ሦስት እቀይራለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እንጀራዬ እነሱ ናቸው።

ሾኮቹን መኪያ ይዛልዎት ትመጣለች። የተጂ ከተማ ልጅ ናት፣ እዚህ አብራኝ ነው የምትኖረው፤ ወደ አገሯ ስታልፍ ሰበታ ላይ ወርዳ እቤትዎ ድረስ ታደርስልኛለች። የላክሁት ሾኩን ብቻ አይደለም። ሞላው ተገጥሞለት፣ ከነክዳኑ ያለቀለት ነው። ይህን ያደረግሁት እርስዎ ሞላ የሚባል ነገር እንዳይነኩ ብዬ ነው። ሞላ ቀልድ አያውቅም፤ ታምቆ የተያዘ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። የእርስዎ ሥራ አሮጌውን አውርዶ አዲሱን መስቀል ብቻ ነው።

መሬቱ ይቅደም። አፈር ላይ ክሪክ አይቆምም፣ ሳያስቡት ይሰምጣል። ጠንካራና ደልዳላ ቦታ ያዘጋጁ። የኋላ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በታኮ ያጥብቁ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። የቀኙን ጎማ ዳዶ ገና መሬት ላይ ሳለ ያላሉት። ከዚያ በክሪክ ያንሷትና ሁለት የብረት መደገፊያ ከሻንሲዋ ሥር ያስገቡ። ድንጋይ አልፈልግም፣ ብሎኬትም አልፈልግም። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለመያዝ አልተሠራም። ካረፈች በኋላ በትከሻዎ ይግፏት፤ ከተነቃነቀች አውርደው እንደገና ይጀምሩ። እርስዎ ከሥሯ የሚገቡበት ምክንያት የለም፤ ይህ ሥራ ከጎን ሆኖ ነው የሚሠራው። ብሎን ወደ ውስጥ ቢንከባለልብዎ በእንጨት ስበው ያውጡት።

ኮፈኑን ሲከፍቱ ከሾኩ አናት ላይ ሦስት ትናንሽ ዳዶዎችና መሃላቸው አንድ ትልቅ ዳዶ ያያሉ። ሦስቱን ብቻ ነው የሚፈቱት። መሃለኛውን እንዳይነኩብኝ፣ ሞላውን ይዞ ያለው እሱ ነው። ከታች ሁለት ወፋፍራም ብሎኖች አሉ። እነሱን ከማውጣትዎ በፊት የፍሬኑን ቱቦ ከሾኩ ያላቁት፣ ጎማው የሚታሰርበትንም ክፍል በሽቦ ያንጠልጥሉት፤ አለዚያ ክብደቱ ቱቦው ላይ ይወድቃል። ግራና ቀኙን በአንድ ቀን ይቀይሩ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልጻፍልዎ። ብቻዎን አይሥሩ። አጠገብዎ የሚሰማ ሰው ይኑር። ብረት ሲንቋቋ የሚሰማ፣ ሰው ሲጣራ የሚሰማ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። አባዬ ያን ቀን የግራውን ነቅሎት ነበር ብላኛለች እማዬ። የነቀለው ዕቃ የት ገባ?

ልጅዎ ያኔት


ሰበታ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለያኔት

እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይሥመርልሽ። ሾኮቹ ደርሰውኛል። መኪያ ሻንጣውን እየጎተተች ገብታ «ጋሼ፣ ያኔት ድንጋይ ነው እንዴ የላከችልዎት?» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ውኃ ብቻ ጠጥታ ሄደች።

ደብዳቤሽን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለቀባሪው አረዱት እንዲሉ፣ መኪና ከክሪክ ላይ እንደሚወድቅ ለእኔ ጻፍሽልኝ። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ያልሽውን ሁሉ እያደረግሁ ነው። መኪናዋ የቆመችበትን አካባቢ ሊሾ አስደርጌዋለሁ፣ ሁለት ሳምንት ሲደርቅ ነው የከረመው። ጎረቤቴ ኦቦ ሞቲ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብሎኝ፣ «አካም ቡልታን ኦቦ ዓባይነህ፣ አውሮፕላን ሊያሳርፉ ነው እንዴ?» አለኝ። የብረት መደገፊያ ከአንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ተውሼአለሁ፤ የላኩልኝ ዝሆን የሚችል ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የአንድ ጎረቤት ጉዳይ ነው። በመጭመቂያ የታሰረ ሞላ ሳይፈታ ስንት ጊዜ መቆየት ይችላል? የመጭመቂያው ዳዶስ ማንም ሳይነካው ወደ ኋላ ይዞራል?

እናትሽን ስትጽፊላት ሰላም በይልኝ። ከመስቀል ወዲህ ብርዱ በርትቷል።

አጎትሽ ዓባይነህ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ

ጤናዎ እንደተመኘሁልዎ ይሁን።

እኔ የላክሁልዎ ሞላው ከነሾኩ የተገጠመ ነው፤ መጭመቂያ ምን ያደርጋል? ጎረቤትዎ ማን ነው? ኦቦ ሞቲ መኪና የለውም።

የታሰረ ሞላ አንድ ሌሊትም አያድርም። እኛ ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ እንኳ አስረን ትተን አንሄድም። ዳዶውም ካልነኩት አይዞርም።

የጠየቅሁዎትን አልመለሱልኝም። ይህ ደብዳቤ ያጠረው ተቆጥቼ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ያኔት


ሰበታ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ያኔት፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን።

መልሴን ያዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም። ጎረቤት የሚባል የለም። ሞላው እኔ ቤት ነው ያለው፤ የአባትሽ ነው።

ያን ቀን የግራውን ሾክ ነቅሎ፣ ሞላውን በሁለት ባለዳዶ መጭመቂያ ግራና ቀኝ አምቆ አሰረው። ሊፈታታው ሲሰናዳ አንድ ብሎን ከመኪናዋ ሥር ተንከባለለበትና ሊያነሳ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቂዋለሽ። ከቀብር መልስ ያሰረውን እንዳለ አንስቼ ዕቃ ቤት አስገባሁት። የወንድሜ የመጨረሻ የእጅ ሥራ ነው ብዬ ማንንም አላስነካ አልኩ። አንድ ዓመት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ከዚያ በኋላ ልንካው ብልም ፈራሁት።

ዕቃ ቤቱና አልጋዬ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው። እኔ ነጎድጓድ የማልሰማው ሰውዬ ያንን ነገር እሰማዋለሁ። በጆሮዬ አይመስለኝም፤ በጥርሴ ነው መሰለኝ የሚገባው። ኳ ይላል፣ ሰው በጣቱ አንጓ ብረት ሲመታ እንደሚለው። ሦስት ጊዜ ብሎ ዝም ይላል። አምና እርጅናዬ ነው ብዬ ተውኩት። ባለፈው ክረምት ሲገባ በሁለቱም መጭመቂያ ዳዶዎች ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። የቀኙ እንዳሰመርኩት ነው። የግራው መስመር በየወሩ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ሄዷል። ቀኑን ጽፌ ይዣለሁ፦ ሐምሌ 12፣ ነሐሴ 12፣ መስከረም 12፣ ጥቅምት 12። ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል። ቁልፉ ከማዕተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው ያለው፤ ስታጠብም አላወልቀውም።

ሲጨንቀኝ ሰላሃዲንን ጠራሁት። ከበሩ ሳያልፍ ባትሪ አበራና ቆየ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው ያሰረው?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«እሱ ይምጣና ይፍታው እንጂ።»

«ሞቷል።»

ልጁ ወደ ኋላው ሄደና በሩን ሕፃን የተኛበት ቤት ይመስል በዝግታ መለሰው። «ይሄ እኮ የተቀባበለ ጠመንጃ ነው። ስንት ዓመት አብረውት ተኙ? እኔ አልነካውም። የወንድምዎን ልጅ ይጠይቋት፣ እሷ ታውቃለች ይላሉ» ብሎኝ ወጣ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ኅዳር 12 እየመጣ ነው። ምን ላድርግ?

አጎትሽ


ሻርጃ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታው ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ይህ ወረቀት እጅዎ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ እዚያ ግድግዳ አጠገብ አይተኙ። አልጋዎን ወደ ሳሎን ያውጡ።

ስለሚዞረው ዳዶ የማውቀውን ልንገርዎ። በጅማ መንገድ የሚያልፈው ከባድ መኪና ቀን ከሌሊት ምድሩን ያንቀጠቅጠዋል። ብረት በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። ያረጀ የብሎን ጥርስ ይለቃል። እስከዚህ ድረስ ማስረዳት እችላለሁ። ከባድ መኪኖቹ ለምን ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብቻ እንደሚያልፉ ግን ማስረዳት አልችልም።

የማውቀው አደጋውን ነው። አንዱ መጭመቂያ እየላላ ሌላው አጥብቆ ከያዘ ሞላው ይጣመማል፤ ሲጣመም በጎን ያመልጣል። ያኔ የጭቃ ግድግዳ አያቆመውም። ስለዚህ መፈታት አለበት፤ የሚፈታውም እንዲህ ነው።

ሰላሃዲንን ይለምኑልኝ። ይህን ደብዳቤ ያሳዩት፣ ብቻዎን እንደማያደርጉትም ይንገሩት። የሁለቱን መጭመቂያ ጥርስ ናፍታ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ይንከር። ወፍራም ሰንሰለት በሞላው ቀለበቶች መሃል አሳልፋችሁ ከማይነቀል ብረት ጋር እሰሩት። አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ዙሪያውን ደርድሩበት። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ግድግዳ ይመልከቱ፤ ወደ ሰው አይዙሩ። ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፣ ክንዱ ረዥም በሆነ ቁልፍ ሥሩ። በመጀመሪያ የግራውን ትታችሁ የቀኙን ብቻ አላሉት፣ ከግራው ጋር እኩል እስኪሆን። ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር በዚህ፣ ግማሽ ዙር በዚያ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የሚያጣድፋችሁ የለም።

አደራ፣ የሚሰማ ሰው። ለሁለተኛ ጊዜም ቢሆን ከመጻፍ አልቆጠብም።

ሌላ ሊጽፉልኝ የሚፈልጉት ነገር ካለ፣ ጊዜው አሁን ይመስለኛል።

ያኔት


ሰበታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለያኔት፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናልሽ። ከዚህ በታች ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ሰላሃዲን ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበበው። «ሐሙስ ነው የሚመቸኝ» አለኝ፤ የጋራዡ ባለቤት ለሚካኤል ስለሚዘጋ። ሐሙስ ኅዳር 12 ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በሚካኤል ቀን ብረት ነክቼ አላውቅም። የፋብሪካው አለቃ እንኳ ያን ቀን ማሽን ላይ ሊያቆመኝ አይደፍርም ነበር። እሺ አልኩት።

ኅዳር ሲታጠን ታስታውሺዋለሽ መቼም። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ከደጁ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ጭሱ ከሰማይ ሳይሄድ ያረፍዳል። ከግቢዬ በር ሆኜ መንገዱ አይታየኝም ነበር። ሰላሃዲን ከጭሱ ውስጥ ድንገት ወጣ፤ መጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅሁትም።

ሰንሰለቱን፣ ጆንያውን፣ ሁሉንም እንዳልሽው አደረግን። ጠመኔውን አየሁት። የግራው ሩብ ዙር ሄዷል፣ ሌሊቱን መሆኑ ነው። የቀኙን እኔ ያዝኩ፣ የግራውን እሱ። እኔ ስለማልሰማ በጣት ተግባባን፤ አንድ ጣት ሲያነሳ የኔ ተራ ነው፣ ጨብጦ ሲያሳየኝ እቆማለሁ። የቀኙን እኩል እስኪሆን ፈታሁ። ከዚያ በየተራ ጀመርን። ስምንተኛው ላይ ስንደርስ ልጁ እጁን ጨብጦ አቆመኝ። ፊቱ ወደ ግቢው፣ ወደ መኪናዋ ነበር።

«ማነው?» ሲል ከንፈሩን አየሁት።

«ምን ሰማህ?» አልኩት።

«ሰው እየጠራዎት ነው።»

«ምን ብሎ?»

«ዓቢዬ ነው የሚለው። ግቢ ውስጥ ሰው አለ እንዴ ጋሼ?»

ያኔት፣ ዓቢዬ የሚለኝ በሕይወት ያለ ሰው የለም። እናታችን ነበረች፤ እሷ ካረፈች በኋላ አባትሽ ብቻ ነበር። ሰላሃዲን ይህን ከማንም ሊሰማ አይችልም። የግቢው በር ደግሞ በመወርወሪያ ተዘግቶ ነበር፣ ራሴ ነኝ የዘጋሁት።

አሁን ዘጠኝ ዓመት የዋጥኩትን ልንገርሽ። ያን ቀን እሑድም ሚካኤልም ነበር። አባትሽ በማግስቱ መንገድ ስላለበት ሥራውን ልጨርስ አለ። ተጣላን። ከአጥሩ ሥር የነበረውን ግንድ አሳይቶኝ «ዓቢዬ፣ ይቺን አንከባልልልኝና ከመኪናዋ ሥር ላስደግፍ» አለኝ። «በሚካኤል ቀን ብረት አልነካም፣ ለሚነካም አላግዝም» አልኩትና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሻሻ ማቃጠሌን ቀጠልኩ። እሱም በክሪክና በድንጋይ ብቻ ገባበት። ከዚያ ጠራኝ። ሦስት ጊዜ ጠራኝ። አንደኛው ጩኸት ነበር። ሦስተኛው አጠገቡ ላለ ሰው እንደማውራት ያለ ነበር።

ሰምቻለሁ። ያኔ ጆሮዬ ደከም ቢልም ይሰማ ነበር። ቁልፍ አቀብለኝ ሊለኝ ነው፣ ትንሽ ይቅመሳት አልኩ። የዞርኩት ኦቦ ሞቲ አጥሩን ዘሎ ሲገባ ነው። ሰዎች ሲጠይቁኝ «አልሰማሁም» አልኩ። ጆሮው ደካማ ነው ብለው ሁሉም አመኑኝ። ጆሮዬም አመነኝ መሰለኝ፣ ዓመት ሳይሞላ ጨርሶ ጠፋ። ፋብሪካው አይደለም የበላው።

ሐሙስ ዕለት ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ወደ መኪናዋ ዞርኩ። «አቤት» አልኩ። ድምፄን አልሰማሁትም፤ ሰላሃዲን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን እንደተመለሰልኝ ጠየቅሁት። «ምንም። ዝም ብሏል» አለኝ። ሥራችንን ቀጠልን። ዳዶዎቹ ሲያልቁ ሞላው ርዝመቱን አገኘና ተጋደመ። በእጄ አነሳሁት፤ ዝገት ብቻ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሾኮቹን ሰቀልን። መሃለኛውን ዳዶ አልነካንም፣ ከሥርም አልገባንም። መኪናዋ በአራት እግሯ ቆማለች።

እናትሽ ጋ ይህን ፊት ይዤ እንዴት እሄዳለሁ? መኪናዋን በሰላሃዲን ልላክላትና እኔ ልቅር ወይስ ሄጄ ልንገራት? ብትረግሚኝም አልፈርድብሽም። ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ዓባይነህ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ሃያ ቀን ሆነኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ አልመጣልኝም። ይቅር አልልዎትም ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ እሱም አልመጣልኝም። በጣም አዝኛለሁ፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

የደበቅሁዎት ነገር አለ። እማዬ ታውቃለች። ኦቦ ሞቲ በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ ነግሯታል። አጥሩን የዘለለው አባዬ ሲጣራ ሰምቶ ነው፤ እርስዎ ከእሱ ይልቅ ቅርብ ነበሩ። ከሠፈሩ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እማዬ ሆድ ይፍጀው ብላ ዕቃዋን ጭና ሱሉልታ ገባች። ለእኔ የነገረችኝ በሙት ዓመቱ ማግስት ነው። መካኒክነት የተማርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። «የሚሰማ ሰው» እያልኩ የጻፍኩልዎት ሁሉ ሆን ብዬ ነበር። አንድ ቀን ራስዎ ያወጡታል ብዬ መርፌ እየወጋሁዎ ነበር። የታሰረ ሞላ ከራስጌዎ እንዳለ ባውቅ ኖሮ እንዲያ አልጫወትብዎትም ነበር፤ ለዚህኛው እኔ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ዳዶው ለምን እንደዞረ፣ ሰላሃዲንም ምን እንደሰማ አላውቅም። ግን ይህን ይስሙ። ኅዳር 12 ረፋዱ ላይ እማዬ ደወለችልኝ። «አባትሽ ከመኪናው ሥር ወጣ» አለችኝ። ሕልም አይተሽ ነው ወይ ብላት «በጠራራ ፀሐይ ማን ይተኛል» ብላ ተቆጣችኝ። የእርስዎ ደብዳቤ እጄ የገባው ከዚያ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ቀኑን ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። ለእማዬ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም።

መኪናዋን የጠየቀችዎት ለጉልበቷ ብቻ እንዳይመስልዎት። ከዚህ ሆኜ የኮንትራት ታክሲ ልዘዝላት ብል እምቢ ብላለች። «ጋሼ ራሳቸው ያምጧት፤ እስኪመጡ እጠብቃለሁ» ነው ያለችኝ። ስለዚህ በሰላሃዲን መላክ አይሆንም።

በጠዋት ይነሱ። ሰላሃዲን አጠገብዎ ይቀመጥ። በቡራዩ በኩል ዙሩና እሱ ጋራዥ ቁሙ፤ የጎማዎቹን ዳዶና የሾኩን የታች ብሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች እንደገና ያጥብቃቸው፣ የፊት ጎማዎቹንም አቅጣጫ ያስተካክል። ከዚያ ወደ ሱሉልታ ውጡ። ቁልቁለቱ ላይ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው ይውረዱ።

እማዬ በር ስትደርሱ ክላክስ አያድርጉ፣ ልጁም እንዳያንኳኳ። እርስዎ ይውረዱና በስሟ ይጥሯት። ድምፅዎ ለራስዎ ባይሰማዎትም ይጥሯት። ደጋግመው መጣራት አያስፈልግዎትም፤ አንዴ ሲጠሯት ትወጣለች።

ያኔት ብዙነህ